ቁልፍ በር ላይ የሚውልበት ከተማ

ከዕረፍት ተመልሰን ትምህርት የተከፈተ ቀን፣ ጓደኞቼ በጆሃንስበርግ ብርድ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ወሽቀው ከበቡኝ።

«እሺ፣ ጣልያን እንዴት ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብቻዬን እሄድ ነበር» አልኳቸው።

ጠበቁኝ። ሌላ ነገር የምጨምር መስሏቸዋል።

«ከዚያስ?» አለች አንዷ።

«ከዚያማ ዳቦውን ይዤ እመለሳለሁ።»

«ዳቦ እኮ እናትሽ ሱቅም ሞልቷል! ዳቦ ለመግዛት ነው አውሮፕላን የተሳፈርሽው?»

ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ጫካው፣ ገደል ጫፍ ላይ ስለተደረደሩት ነጫጭ ቤቶች ላወራላቸው እችል ነበር፤ ፎቶውም ስልኬን ሞልቶታል። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ግን ዳቦው ነው። ለምን እንደሆነ በእረፍት ሰዓት ተነግሮ ስለማያልቅ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አባቴና እናቴ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አላቸው፤ ከሳሙና እስከ ሞባይል ካርድ ሁሉም የሚገኝበት የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። እናቴ የምትሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆና ነው። ደንበኛው ብሩን በትንሿ መስኮት ያስገባል፤ እሷ ዕቃውን በዚያችው ታወጣለች። ሁሉም «ማማ» ይሏታል። እሷም ሁሉንም በዙሉኛ «ሳውቦና» ብላ ተቀብላ፣ «ሃምባ ካህሌ»፣ በደህና ሂድ፣ ብላ ትሸኛለች። ድምጿን የሚያውቅ እንጂ ሙሉ ቁመቷን ያየ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም።

የእኔም ኑሮ ከዚያ ብዙ አይለይም። ከግቢ በር እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ትምህርት ቤት በር፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከሱቅ ደግሞ ቤት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ እስከዘንድሮው ሰኔ ድረስ ግን አንድ መንገድ እንኳ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም ነበር። እናቴን አልከሳትም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሱቁ ተዘርፎ ነበር፤ እኔ ሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር አሉ። የማስታውሰው የእናቴን እጅ ብቻ ነው፤ እንዳላይ ዓይኔን የሸፈነችበት፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት እጅ። ያ እጅ ከዓይኔ ላይ ተነሥቷል፤ ከእኔ ላይ ግን አልተነሣም።

ግብዣው የመጣው ከአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እኔ ሳልወለድ በፊት ከሆሳዕና ወጥታ ጣልያን ገባች፤ አሁን ፎጃ በምትባል ከተማ አንድ አዛውንት ትንከባከባለች። የአዛውንቱ ልጆች ባሕር አጠገብ ያላቸውን ቤት ለአንድ ሳምንት ለቀቁላት። ወዲያው ደወለች።

«ነይ» አለቻት እናቴን። «የመኖሪያ ፔፐራችሁ ተስተካክሏል፣ ልጅሽ ዕረፍት ላይ ናት፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ሱቁስ?» አለች እናቴ።

አባቴ ከኋላዋ ሆኖ፣ «ለሱቁ እኔ አለሁለት! ሂጂልኝ እባክሽ፤ ለአንድ ሳምንት እንኳ የራሴ አለቃ ልሁን» ብሎ ጮኸ።

እኔ ያን ማታ ከተማዋን ስልኬ ላይ ከፈትኳት። ፔስኪቺ ትባላለች። ከቤቱ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከቤቱ እስከ ባሕሩ ያለውን መንገድ በጣቴ እየተከተልኩ አጠናሁት። ባሕሩ መኖሩ ደስ ይላል፤ እኔ ግን የፈለግኩት መንገዱን ነው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ብቻዬን ልሄድበት።

ጣልያን ቡት ጫማ ትመስላለች ይባል የለ? ፔስኪቺ ያለችበት ጋርጋኖ እንግዲህ ከቡቱ ኋላ፣ ከተረከዙ ከፍ ብሎ፣ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚኮረኩርበት እሾህ ነው። ከሌላው ምድር የተጣላ ይመስል ተራራው ብቻውን ባሕር ውስጥ ገብቶ ቆሟል። አውቶቡሳችን ከፎጃ ተነሥቶ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ የስንዴ ማሳ ሲያቋርጥ ቆየና ድንገት ሽቅብ መጠማዘዝ ጀመረ። ወይራ አለፍን፣ ጥድ አለፍን፤ በአንዱ ኩርባ ላይ ባሕሩ ብቅ አለ። ባሕር ያለባት ደርባን እንኳ ሄደን ስለማናውቅ ለእናቴም ለእኔም የመጀመሪያችን ነው።

«እማዬ፣ ባሕር!»

«አየሁት» አለች፣ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ። ትንሽ ቆይታ፣ «አጥር የለውም እንዴ?» አለች።

አክስቴ በሳቅ ፍርስ አለች። ሁለቱ ሲናደዱ በሀዲይኛ ነው፤ ሲስቁ በአማርኛ። አባቴ ወላይታ ስለሆነ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ያን ሳምንት ደግሞ ሳቁ ስለበዛ ሁሉም ነገር ይገባኝ ነበር።

ፔስኪቺ ገደል አናት ላይ ናት። ቤቶቹ ነጭ ናቸው፣ ጣሪያቸው ሞላላ፤ አንዱ ከአንዱ ትከሻ ላይ ተደግፎ ቁልቁል ባሕሩን ያያል። መንገዶቹ ጠባብ ከመሆናቸው የተነሣ እጄን ግራና ቀኝ ብዘረጋ ግድግዳና ግድግዳ እነካለሁ። መኪና አይገባም። ከቤቶቹ ሥር በደረጃና በጠመዝማዛ መንገድ ተወርዶ ግማሽ ክብ የሆነ አሸዋማ ዳርቻ አለ። ከዳርቻው ጫፍ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ዓሣ አጥማጆች የሠሩት የእንጨት ማማ ቆሟል፤ ረጃጅም እንጨቶቹን ባሕሩ ላይ ዘርግቶ መረቡን የሚያጠልቅ፣ ከሩቅ ሲያዩት ውኃ ሊጠጣ ያጎነበሰ ሸረሪት የሚመስል ነገር ነው። «ትራቡኮ» ይሉታል።

ቤት ገብተን እናቴ ሻንጣዋን ስትከፍት፣ ከበሶው፣ ከቆሎውና ሩይቦስ ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ሻይ ሥር አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ አወጣች። የሱቃችን መለዋወጫ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ።

«ለበሩ ነዋ!»

አክስቴ ጓጉንቸሩን ተቀብላ በሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። የሚንጠለጠልበት ቀለበት የለም። «ታዲያ የት ልስቀልልሽ? ጆሮዬ ላይ?»

ጓጉንቸሩ የሚገባበት አጥቶ ሳምንቱን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዋለ። የባሕሩ ነፋስ በሰገነቱ በኩል ሲገባ የወረቀት መሐረቦቹን ይዞ ያቆይልናል።

በማግስቱ ጠዋት ሞከርኩ። ዳቦ ቤቱ ከሰገነታችን ይታያል፤ ከመንገዱ ማጠፊያ ቀጥሎ ነው።

«እማዬ፣ ዳቦ ልግዛ?»

«አብረን እንሄዳለን።»

«ይታያል እኮ!»

«ለእኔም ይታየኛል። አብረን እንሄዳለን።»

«ኧረ ልቀቂያት» አለች አክስቴ። «እዚህ አገር እንኳን እሷ፣ ድመቱም ብቻውን ገበያ ይወጣል።»

«እትዬ፣ አንቺ ልጅ ስለሌለሽ ነው።»

«ልጅ ባይኖረኝም ዓይን አለኝ።»

ሦስታችንም ሄድን። ለአንድ ዳቦ ሦስት ሰው! እናቴ እጄን ይዛኛለች። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተጻፈውን ስታነብ ግን ፊቷ በራ፤ «ፉርኖ ይላል እኮ! እኔ ለካ ጣልያንኛ እችላለሁ» አለች። ተመልሰን እስክንገባ ድረስ ማኪያቶ፣ ላዛኛ፣ ስጎ እያለች የምታውቀውን ስትቆጥር እጄን መያዟን ራሷም የረሳችው መሰለኝ። እኔ አልረሳሁም።

አክስቴ ለሁለት ቀን መኪና ተውሳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቪየስቴ ወሰደችን፤ ተራራው ባሕሩ ውስጥ በጣም የገባበት ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። አሸዋው መሐል ፎቅ የሚያህል ነጭ ድንጋይ ብቻውን ቆሟል፤ ልጆች ከሥሩ ኳስ ይጫወታሉ። በትንሽ ጀልባ ባሕሩ ወደ ቦረቦራቸው ዋሻዎች ገባን። ውስጥ ውኃው ከታች መብራት የተደረገለት ይመስል አረንጓዴ ነው፤ ጣሪያው ላይ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናቴም ቀና ብላ አየችና፣ «መውጫው በዚያው በገባንበት ነው?» ብላ ጠየቀች።

የቪየስቴ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ መኪና ያቆመ ሰው፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለለበሰ ጠባቂ ሳንቲም ይሰጣል፤ ሰላም እንደ ማለት ነው። እናቴ ከመኪናው እንደወረድን ሳንቲሟን አዘጋጅታ በዓይኗ ትፈልግ ነበር። ስንመለስ መኪናችን አጠገብ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ቆሞ አየች። ቀጥ ብላ ሄዳ ሁለት ዩሮ እጁ ላይ አደረገችለት። «ተባረክ ወንድሜ» አለችው በአማርኛ።

ሰውየው ሳንቲሙን አየ፤ እናቴን አየ፤ አጠገቡ የተጋደመውን ብስክሌቱን አየ። ሊያርፍ የቆመ ብስክሌት ጋላቢ ነበር።

አክስቴ በጣልያንኛ ልታስረዳው ሞከረች፤ ሳቁ አላስጨርስ አላት። ሰውየው ግን ሲገባው ባርኔጣውን አውልቆ ለእናቴ ጎንበስ አለ፤ ሳንቲሙን መለሰላትና መኪናችንን መታ መታ አድርጎ፣ ጠብቄዋለሁ እንደ ማለት፣ በኩራት ቆመ። እስክንወጣም የፖሊስ ሰላምታ እየሰጠ ሸኘን። እናቴ መንገዱን ሙሉ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ጫካው ውስጥ ገባን። ፎሬስታ ኡምብራ ይሉታል፤ የተራራው አናት ላይ ነው። ከታች ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እዚያ ሹራብ ያስለብሳል። ዛፎቹ ግንዳቸው አመድማ፣ ቁመታቸው አንገት የሚያስቆለምም ነው፤ ብርሃኑ በቅጠሎቹ ተጣርቶ መሬት ሲደርስ አረንጓዴ ሆኗል። እኔ ከእናቴ ትንሽ ቀድሜ መሄድ ጀመርኩ። ከአንድ ዛፍ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ስደርስ፣ «እዚያው!» አለችኝ። ቆምኩ። ደረሰችብኝ። እንደገና ቀደምኩ። «እዚያው!» ሙሉውን ጫካ እንደዚያ አቋረጥነው። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ወደ መጨረሻው «እዚያው» የምትለው ሦስተኛው ዛፍ ላይ ነበር። ምንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከተናገሩት ይጠፋል።

ከዚያ የቁልፉ ቀን መጣ።

ከእኛ ቤት ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። መንገዱ ሁሉ «ኖና»፣ አያት፣ ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው አልናቸው። ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ባቄላ እየፈለፈሉ አላፊውን ሁሉ ያናግራሉ። ከምሳ በኋላ ግን ኖናም ይተኛሉ፤ ከተማውም ይተኛል። መስኮቱ ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ድመትና እኛ ብቻ እንሆናለን።

የዚያን ቀን አክስቴ ጥላ ያለበት ቦታ ልትይዝልን፣ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ በትንሿ የከተማ አውቶቡስ ቀድማ ወደ ባሕሩ ወርዳ ነበር። እኔና እናቴ በእግራችን ልንከተላት ስንወጣ እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

የኖና በር ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ቁልፍ ተሰክቶ ይወዛወዛል።

«አየሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ረስተውት ተኝተዋል።»

በሩን በቀስታ አንኳኳች። «ኖና! ኖና!» መልስ የለም። ግራና ቀኝ አየች።

«እማዬ፣ ተዪው። ምናልባት…»

«ምናልባት ምን? ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንድ ሰው ቢገባባቸው ይኼን አይቼ እንዴት አለፍኩት ልል ነው?» ቁልፉን ነቀለችው፤ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ዚፕ ባለው ኪስ ከተተችው። «ስንመለስ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። ይመርቁኛል፤ ታያለሽ።»

እየወረድን የቀኝ ሰንደሏ ማሰሪያ ተበጠሰ። የቀረውን መንገድ የጋለው አስፋልት ላይ፣ «ኡፍ! ኡፍ!» እያለች እየዘለለች ጨረሰችው። አሸዋው ላይ ደርሳ ጃንጥላው ሥር ዘፍ ስትል ግን ደስተኛ ነበረች። ለአክስቴ የሠራችውን መልካም ሥራ ነገረቻት።

አክስቴ የምትበላውን ኮክ ከአፏ አወጣች።

«ምን አደረግሽ?»

«አዳንኳቸዋ!»

«አንቺ ሴትዮ! ያ ቁልፍ እኮ ኑሮው እዚያ ነው! በሩ በነፋስ ክርችም የሚል ዓይነት ነው፤ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ሲወጡ ሲገቡ እንዳይቸገሩ፣ ጎረቤትም ገብቶ እንዲያያቸው ብለው ነው የሚተዉት። እዚህ ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው!» ሰዓቷን አየች። «አሁን ደግሞ ተነሥተዋል። ከእንቅልፍ ሲነሡ የእራቱን ስጎ ይጥዱና ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ። ነፋሱ በሩን ከዘጋባቸው…»

ነፋሱ የጃንጥላችንን ጫፍ ያርገበግባል። ሦስታችንም ቀና ብለን አየነው።

እናቴ ብድግ አለች። ባዶ እግሯን ናት። ሁለት እርምጃ ሄዳ የተበጠሰውን ሰንደል አነሣች፤ ጣለችው። የአክስቴን ጫማ ሞከረች፤ ተረከዟ ግማሽ ውጭ ቀረ። የከተማው አውቶቡስ እስኪመለስ ገና ነው። የአክስቴ ጉልበት ያንን ዳገት አይወጣም። ስልክ እንዳትደውል የኖናን ቁጥር አክስቴ አታውቀውም።

እኔ ጫማዬን አድርጌ ቆሜያለሁ። «ልሂድ» አላልኩም። ብናገር እምቢ እንደምትል አውቃለሁ።

እናቴ መንገዱን አየችው። ከባሕሩ ዳር ሆኖ ሲያዩት ገደሉ ላይ ይጠማዘዛል፤ ከላይ አንድ ኩርባ ላይ ከጥዶች ኋላ ይገባና ከተማው በር ላይ ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ዚፑን ከፍታ መሐረቡን አወጣች።

«ስልክሽን በእጅሽ አትያዢ።»

«እሺ።»

«ሰው ቢያናግርሽ አትቁሚ።»

«እሺ።»

«እዚህ ሆኜ አይሻለሁ። እያየሁሽ ነው።» ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ቀጥሎ የሚባለው የጠፋት ይመስል፣ በሱቋ መስኮት ለደንበኛ እንደምትለው፣ «ሃምባ ካህሌ» አለችኝ።

ሮጥኩ።

የመጀመሪያውን ዳገት ዞር ሳልል ወጣሁት። ትንፋሼ ሲያጥር ዞር አልኩ። ታች፣ አሸዋው ላይ፣ የእናቴ ብርቱካንማ ሻሽ አንድ ነጥብ ሆኗል። እጇን አወዛወዘች። እኔም አወዛወዝኩ። ከዚያ መሮጡን ትቼ ፈጠን ብዬ መራመድ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ሩጫ የሚሸሽ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ ከማንም አልሸሽም።

ከድንጋዩ ስንጥቅ የወጣ ቁጥቋጦ ረጃጅም ጭራ ያላት ነጭ አበባ አብቧል። የበለስ ቅጠል በፀሐይ ሲግል የሚሸተው ሽታ አለ፤ ወተት ወተት የሚል። እንሽላሊት ግድግዳው ላይ ቆማ አየችኝና ቦታ ለቀቀችልኝ። ጥላዬ ከፊቴ ይሄዳል፤ አንድ ነው። ሁልጊዜ ከጥላዬ ጎን የእናቴ ጥላ ስለነበር የራሴ ጥላ እንደዚህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኩርባው ላይ ደረስኩ። ከጥዶቹ ኋላ ገባሁ። ከታች አልታይም፤ ከላይም ከተማው ገና ነው።

መቆም አልነበረብኝም፤ የኖና ስጎ እሳት ላይ ነው። ቆምኩ ግን። ጥቂት ብቻ። ጥዶቹ ላይ ያሉት ነፍሳት ያለማቋረጥ ይጮኻሉ፤ ባሕሩ ከታች ይተነፍሳል። በዓለም ላይ በዚያች ደቂቃ የት እንዳለሁ የሚያየኝ ሰው የለም። እፈራለሁ ብዬ ነበር። የተሰማኝ ግን አዲስ ልብስ ለብሰው መስታወት ፊት ሲቆሙ የሚሰማው ነገር ነው፤ ልክ ነኝ፣ ይሆነኛል የሚል። ቁልፉን ጨበጥ አድርጌ ሄድኩ።

መንገዳችን ላይ ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ኖና መሐል ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያወናጨፉ ያዛሉ፤ አንድ ጎልማሳ መሰላል ግድግዳው ላይ አስደግፎ መስኮቱን ይመለከታል፤ ሁለት ሴቶች መሰላሉን ይዘው ይጨቃጨቃሉ። የቲማቲም ሽታ መንገዱን ሞልቶታል፤ ማረር የጀመረ ቲማቲም።

ቁልፉን ወደ ላይ አነሣሁት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ጣልያንኛዬ «ቦን ጆርኖ» ላይ ያልቃል። አልኩት። ከዚያ በእጄ አወራሁ። ጉንጬን መዳፌ ላይ አስተኛሁ፤ ኖና። ጣቴን በሩ ላይ አወዛወዝኩ፤ ቁልፍ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ማማ» አልኩ፤ ዓይኔን አፍጥጬ ግራና ቀኝ አየሁ፤ ቁልፉን ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ በጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ ሌባ ሆንኩ።

መጀመሪያ የሳቀው መሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ኖና ራሳቸው ወንበራቸውን ይዘው ሳቁ። ቁልፉን ተቀብለው ከፈቱ፤ ወደ ምድጃቸው ሮጡ፤ እንደዚያ ይሮጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ስጎው ከሥሩ አርሯል፤ ከላዩ ግን ደህና ነው። በዳቦ ቆራሽ ከላይ ከላይ ጠንቀቅ ብለው አጥቅሰው፣ ራሳቸው አፌ ውስጥ አደረጉልኝ። እኛ ቤት ብቻ የሚደረግ ነበር የሚመስለኝ። ጉንጬን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው አንድ ነገር አሉኝ። አልገባኝም፤ ተስማማሁ።

ልወጣ ስል ቁልፉን መልሰው ከውጭ ሰኩት፤ ቦታው ይኼ ነው እንደ ማለትም በጣታቸው መታ አደረጉት።

ቁልቁል ስወርድ የመመለሻውንም መንገድ ብቻዬን እንደምሄድ አሁን ገና ገባኝ። አንድ ጊዜ ብዬ ለምኜ ሁለት ጊዜ አገኘሁ! ጥዶቹን ስጨርስ ወደ አሸዋው አየሁ። ብርቱካንማው ነጥብ ጃንጥላው ሥር የለም። አሸዋው ላይም የለም።

ባሕሩ ውስጥ ነው።

እናቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የውኃው ጫፍ እግሯን ሊነካ ሲመጣ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የነበረችው እናቴ፣ ቀሚሷን እንደለበሰች እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ፊቷ ወደ ገደሉ ነው። ያ ኩርባ ከአሸዋው ላይ ስለማይታይ፣ ከጥዶቹ ኋላ ያለውን ትንሽ መንገድ ለማየት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስትል ነው የገባችው። ሲያየኝ ብርቱካንማው ነጥብ ዘለለ።

ስደርስ አክስቴ አሸዋው ላይ ተዘርራ በሳቅ ታለቅሳለች። «ነይ ግቢ ስላት ሦስት ቀን! ጎትቼ እምቢ ያለች ሴትዮ!»

«እኔ መቼ ገባሁ?» አለች እናቴ፤ ከዚያ ራሷን ቁልቁል አየች። ቀሚሷ እንደ ጃንጥላ ዙሪያዋን ተንሳፍፏል። «ውይ!» አለች። ግን አልወጣችም። በእጇ ውኃውን ቀስ አድርጋ ነካችው፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚነካ። «ይሞቃል እኮ» አለች። እኔም ከነልብሴ ገባሁና አጠገቧ ቆምኩ።

ማታ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ባዶ እጅ መሄድ አይሆንም ብላ እናቴ የሩይቦስ ሻይ ያዘች። ኖና ፊት አጎንብሳ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ፤ ያለሁበትን አገር ረስቼ ነው» አለች፤ አክስቴ ተረጎመች። ኖና ሻዩን አሽትተው ሲያበቁ መለሱ፤ አክስቴ ደግሞ እየሳቀች አስተላለፈች፦

«ሌባ ቢመጣ እንኳ፣ እኔ ቤት እስኪደርስ መንገዱን ሙሉ ሁሉንም ሰላም ማለት አለበት። ሰላምታውን ሳይጨርስ ይመሽበታል።»

እናቴ ይኼን ነገር ስታመነዥክ አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ሳልጠይቅ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ፣ ከጓጉንቸሩ አጠገብ አገኘሁ። «ዳቦ ገዝተሽ ነይ» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ሻዩ አዙራ። ስወጣ ሰገነቱ ላይ ቆማ ነበር። ዳቦ ቤቱ ድረስ ዓይኗ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል፤ ስመለስም እዚያው ናት። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። አልከፋኝም። ጎረቤቶቹ ግራና ቀኝ ሰላም ይሉኛል፤ ኖናም ገና ሲያዩኝ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ሌባ ይሆኑልኛል።

በመጨረሻው ቀን ማጠፊያው ላይ ደርሼ እንደ ልማዴ እጄን ላወዛውዝ ዞር አልኩ። ሰገነቱ ላይ ማንም የለም።

ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ደርሶ እኔ ደነገጥኩ። ዳቦውን በጥድፊያ ገዛሁ፤ ለሰላምታው ሁሉ እየሮጥኩ መለስኩ። በራችን ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ቁልፋችን ከውጭ ተሰክቶ ይወዛወዛል።

ቀስ ብዬ ከፈትኩ። አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሻንጣ ታስተካክላለች፤ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሶፋው ጠቆመችኝ። ሱቅ ለመክፈት ጎህ ሳይቀድ የምትነሣው፣ ቀን ተኝታ አይቻት የማላውቃት እናቴ፣ ሻሿ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች። እጇ ተከፍቶ ከሶፋው ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ነፋሱ መሐረቦቹን አንኮሻኩቶ እንዳይቀሰቅሳት ጓጉንቸሩን ጫንኩባቸው። ከዳቦው ጫፍ ትኩሱን ቆረስኩና፣ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ድምፅ ሳላሰማ እየበላሁ እስክትነቃ ጠበቅኳት።